ግፊት የለብኝም፣ እግዚአብሔር ይመስገን

አሌክሳንድሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አውሮራ ካለ የሐበሻ ካፌ ገብቶ ጆሮውን ጣል ያደረገ ሰው፣ ከፖለቲካው ቀጥሎ የሚሰማው የትራክ ወሬ ነው። መጀመሪያ ፓርኪንግ የሠራው፣ ከዚያ ታክሲ የያዘው፣ ከዚያ ኡበር የገባው ጎልማሳ አሁን ሲዲኤል፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ሊያወጣ ነው። የአየር ፍሬኑን ጥያቄ በቃሉ ይዞታል። የተሳቢውን መንጠቆ ከነስሙ ይቆጥራል። የቀረችው ሜዲካሏ፣ የጤና ምርመራዋ፣ ብቻ ናት። ስሟን ሲያነሳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ጠረጴዛውን የከበቡት ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይመክሩታል።

አንዱ ሳምንት ሙሉ ጨው እንዳይቀምስ ያዝዘዋል። ሌላው ቀይ ሥር ጨምቆ እንዲጠጣ፣ ሦስተኛው ነጭ ሽንኩርት በማር እንዲውጥ ይነግሩታል። ጥግ የተቀመጠው አንጋፋ ሹፌር ሁሉንም በእጁ ካባረረ በኋላ የመጨረሻውን ቃል ይሰጣል፦ “ምን አለብህ ቢሉህ ምንም የለብኝም በል። ምን አገባቸው!”

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የሚጠይቀው ወገን በሕግ ያገባዋል።

የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ ሹፌሮች በአጭሩ ዲኦቲ የሚሉት፣ ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው ጤናው ተመርምሮ እንዲመሰከርለት ያዛል። ምስክሩ ቢበዛ የሚያገለግለው ለ24 ወር ነው። መርማሪውም ማንም ሐኪም አይደለም፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከግንቦት 2014 ጀምሮ በብሔራዊው መዝገብ ስሙ የገባ፣ ሥልጠና ወስዶ የተፈተነ መሆን አለበት። ከተመዘገቡት መካከል ሐኪሞችና ነርሶች ብቻ ሳይሆኑ የአከርካሪ አጥንት አቃኚዎችም አሉ። ይህን ያልሰማ ሐበሻ ታዲያ በሩ ላይ የተለጠፈውን የወገብ አጥንት ሥዕል ሲያይ “ልቤን ወጌሻ ሊያየው ነው?” ብሎ ሊመለስ ይቃጣዋል። አይመለስም፤ ብዙ ጊዜ የጤና ኢንሹራንስ የማይከፍለውን፣ መቶ ዶላር ወዲህ ወዲያ የሚለውን ዋጋ ከፍሏል።

ሰው ሁሉ የሚፈራው የግፊት መለኪያውን ነው። የሚያስፈራው ግን ከዚያ በፊት የሚመጣው ወረቀት መሆን ነበረበት። ኤምሲኤስኤ 5875 የተባለው ቅጽ ከሠላሳ በላይ ጥያቄዎች ደርድሮ ሹፌሩን ይጠብቀዋል። ልብህን ታመህ ታውቃለህ? ግፊትስ? ስኳርስ? ራስህን ስተህ ታውቃለህ? ኩላሊት፣ ሳንባ፣ ጉበት፣ ጭንቀት፣ ወገብ? በያንዳንዱ ፊት “አዎ”፣ “የለም” እና “አላውቅም” የሚሉ ሦስት ሳጥኖች አሉ። ሐበሻው በብዕሩ ከላይ እስከ ታች በ“የለም” ላይ ይወርዳል። ሳያነብ የሚወርድም አለ።

እውነቱን ለመናገር ይህ ውሸት ሳይሆን አስተዳደግ ነው። እንዴት አደርክ ሲባል ትኩሳት እየፈጀውም “እግዚአብሔር ይመስገን” ብሎ የሚመልስ ሰው ነው ወረቀቱ የቀረበለት። ባደገበት ቤት አባቱ ሆስፒታል ሲተኛ ለጎረቤት “ትንሽ አሞት ነው” ይባል ነበር። ለራሱ ለታማሚውም ምርመራው ያመጣውን አይነግሩትም። እህቱ ስኳር እንዳለባት የሰማው እሷ በነገረችው ጊዜ ሳይሆን በሠርግ ላይ ለስላሳ እንቢ ባለች ጊዜ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ያወረሰን ሕዝብ፣ ተረቱ ለምን እንዳስፈለገው ከራሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቅጹ ግን ሲጨርስ ያስፈርማል። ከፊርማው በላይ ያለው ዓረፍተ ነገር የተሰጠው መልስ ትክክልና ሙሉ መሆኑን፣ ሐሰት ከሆነ ምስክሩ ሊሰረዝና ሰውየው ሊቀጣ እንደሚችል ይናገራል።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ሐበሻን የሚያስቸግሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ የሚለው ነው። ጥያቄው በሐኪም የታዘዘውን ብቻ አይልም፤ ያለ ትእዛዝ የሚገዛውን፣ የዕፅዋት መድኃኒቱን፣ በብልቃጥ የሚመጣውን ተጨማሪ ምግብ ሁሉ ይጠይቃል። ለጉንፋን ዳማከሴ፣ ለሆድ ጤና አዳም፣ ለብርድ ፌጦ፣ ለሁሉም ጥቁር አዝሙድ የሚወስድ ሰው ይህን በእንግሊዝኛ እንዴት ያስረዳ? እናቱ ከአዲስ አበባ በመንገደኛ የላከችለትንና እሱም ስሙን የማያውቀውን ዱቄትስ? ዝም ይላል። መርማሪው ግን ሊያውቅ የሚፈልገው ቀላል ነገር ነው፤ ይህ ሰው የሚውጠው ነገር መሪ ላይ ያስተኛዋል ወይ።

ሁለተኛው ጥያቄ እንቅልፍን ይመለከታል። ትንፋሽህ በእንቅልፍህ ይቋረጣል? ቀን ቀን ታንቀላፋለህ? ጮክ ብለህ ታንኮራፋለህ? ለዚህ መልሱን የሚያውቀው ሹፌሩ ሳይሆን ሚስቱ ናት። ካልሆነም ቲም የሚነዳው ጓደኛው ነው። ሁለት ሐበሾች አንድ ትራክ ይዘው፣ አንዱ ሲነዳ ሌላው ከኋላ ካለችው አልጋ ላይ እየተኛ ከባልቲሞር ሎስ አንጀለስ ሲመላለሱ፣ የአንዱ ማንኮራፋት ለሌላው እንደ ሬዲዮ ነው። ያም ሆኖ ለመርማሪው የሚመሰክር ጓደኛ አልተወለደም።

አንገት ግን ይመሰክራል። ብዙ መርማሪዎች የሸሚዝ ኮሌታው 17 ኢንች የደረሰ፣ ማለትም 43 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ወንድ ሲያዩ በእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥን ይጠረጥራሉ። ይህ ሕግ አይደለም። መንግሥት በ2016 በጉዳዩ ላይ ደንብ ለማውጣት ጀምሮ በ2017 ትቶታል። ስለዚህ ነገሩ በመርማሪው ፍርድ ላይ ወድቋል፤ አንዱ ጋ ያለፈ አንገት ሌላው ጋ ለእንቅልፍ ምርመራ ይላካል። በሽታው ከተገኘበት አፉና አፍንጫው ላይ አየር የሚነፋ መሣሪያ አድርጎ ይተኛል፤ መሣሪያውም በየሌሊቱ ስንት ሰዓት እንደሠራ ራሱ ይመዘግባል። መጀመሪያ ላይ የሚያማርረው ሰው ብዙ ነው። ከወር በኋላ “ለካ እስከዛሬ እንቅልፍ አልተኛሁም” የሚለውም ብዙ ነው፤ የሚያማርረውን ያህል ግን አይጮህም።

ከወረቀቱ በኋላ አካል ይናገራል። ዓይን መጀመሪያ ይጠራል። መስፈርቱ እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው፣ ሁለቱም በአንድነት፣ በመነጽርም ሆነ ያለ መነጽር 20/40 እንዲያዩ ነው፤ ደህና ዓይን ከ40 ጫማ ላይ የሚያነበውን ፊደል ከ20 ጫማ ላይ ማንበብ ማለት ነው። ወደ ጎንም እያንዳንዱ ዓይን ቢያንስ 70 ዲግሪ ማየት አለበት። ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ መለየት ግዴታ ነው። መነጽር የእርጅና ምልክት የሚመስለው ሐበሻ ገበታውን ቀድሞ ሊሸመድድ ይሞክራል፤ መርማሪው ታዲያ ከቀኝ ወደ ግራ አንብብ ሲለው እንደ ተማሪ ይርበተበታል። ለከንቱ ነው። መነጽር ያደረገ ሰው ያልፋል፤ ምስክሩ ላይ “መነጽር አድርጎ ይንዳ” ተብሎ ይጻፋል እንጂ ማንም እድሜውን አይጠይቀውም። አንድ ዓይኑ መስፈርቱን የማያሟላ ሰው እንኳ ከመጋቢት 2022 ወዲህ የዓይን ሐኪም ሞልቶ በሚሰጠው ቅጽ በኩል ሌላ መንገድ ተከፍቶለታል።

የጆሮው ምርመራ ለወግ የተፈጠረ ነው። ደንቡ የተሻለው ጆሮ ከ5 ጫማ ርቀት፣ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ፣ በኃይል የተንሾካሾከ ድምፅ ይስማ ይላል። መርማሪው ትንፋሹን አስወጥቶ ቁጥር ወይም ቃል ያንሾካሹካል፤ ሹፌሩ መልሶ ይናገራል። እንግሊዝኛን በከፍተኛ ድምፅ እንኳ በግማሽ የሚይዝ ሰው በሹክሹክታ ሲመጣበት አስቡት። ጆሮው ሰምቷል፤ ያልሰማው ቋንቋው ነው። “ኧ?” ሲል ጆሮው የተደፈነ ይመስላል። ለዚህ የሚሆን በሕግ የተፈቀደ አማራጭ አለ፤ በመሣሪያ ተለክቶ በተሻለው ጆሮ የጎደለው መስማት በአማካይ ከ40 ዴሲቤል ካልበለጠ ያልፋል። መሣሪያው ደግሞ ጢጥ ከማለት ሌላ ቋንቋ የለውም። ለመንገዱ ግን እንግሊዝኛው አይቀርም፤ ከሰኔ 2025 መጨረሻ ወዲህ መንገድ ላይ ያስቆመውን ተቆጣጣሪ በእንግሊዝኛ መመለስና ምልክቶችን ማንበብ ያቃተው ሹፌር እዚያው ከመንዳት ይታገዳል።

አሁን ግፊት። በደንቡ መንፈስ ከ140/90 በታች የሆነ ሰው ሁለት ዓመት ያገኛል። የላይኛው ከ140 እስከ 159 ወይም የታችኛው ከ90 እስከ 99 ከሆነ አንድ ዓመት ይሰጠዋል። ከ160 እስከ 179 ወይም ከ100 እስከ 109 ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ሦስት ወር ተሰጥቶት እንዲታከም ይላካል። 180/110 ላይ የደረሰ እስኪወርድለት ድረስ መሪ አይጨብጥም። ስለዚህ ምንም ሳይታወቀው ግፊት ይዞ የኖረው ሐበሻ ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያጣ አይደለም፤ ክኒን ይዞ የሚመለስ ነው። ይህን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ክኒን መዋጥ ከመንዳት ያግዳል ብሎ የሚያምን ሹፌር መድኃኒቱን ትቶ በነጭ ሽንኩርት ይመጣል። ነጭ ሽንኩርቱ ከሐኪሙ ጋር ያለውን ርቀት ይጨምር እንደሁ እንጂ ከክኒኑ ጋር አይወዳደርም።

ጠዋት ላይ ቤቱ ቡና ተፈልቶ አቦል፣ ቶና፣ በረካውን ጨርሶ፣ ትራፊኩን ተናድዶ አልፎ፣ ደረጃውን ሮጦ የወጣ ሰው ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ቢል አይገርምም። ሐኪሞች ከመለካት በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና እንዳይጠጣ፣ ሽንት ተሸንቶ፣ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይነባበር፣ ሳይወራ እንዲቀመጥ ይመክራሉ። ሳይወራ የሚለው ለእኛ ከባዱ ነው። ነርሷ ሐበሻ ከሆነች ደግሞ አገርሽ የት ነው ሳይባል ልኬት አይጀመርም።

ስኳርም እንዲሁ ነው። እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ከባድ መኪና በስቴቶች መካከል ለመንዳት ከፌዴራሉ መንግሥት የተለየ ፈቃድ መለመን ነበረበት። ከኅዳር 2018 ወዲህ የሚያክመው ሐኪም ስኳሩ የተረጋጋ መሆኑን በቅጽ ካረጋገጠና የሦስት ወር ልኬቱን ካሳየ መርማሪው እስከ አንድ ዓመት ሊመሰክርለት ይችላል። ኢንሱሊኑን ማቀዝቀዣው ውስጥ ከበርበሬው ኋላ የደበቀው ሰው ሕጉ ከተለወጠ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አያውቅም። ነጋሪ የለውማ፤ ለማንም አልተናገረ።

ደንቡ እንዲህ የጠነከረው በከንቱ አይደለም። ግንቦት 9 ቀን 1999፣ አሜሪካኖች የእናቶች ቀን በሚያከብሩበት እሑድ፣ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ አንድ የሽርሽር አውቶቡስ ከአውራ ጎዳናው ወጥቶ 22 ተሳፋሪዎች አለቁ። ሹፌሩ ከባድ የኩላሊትና የልብ ሕመም ነበረበት፤ ኪሱ ውስጥ ግን የጸና መንጃ ፈቃድና የሕክምና ምስክር ነበረው። የመርማሪዎቹ ብሔራዊ መዝገብ የተፈጠረው ከእንዲህ ዓይነቱ ነገር በኋላ በተነሣው ጥያቄ ነው።

ሹፌሩን የሚጠብቀው የሽንት ጽዋም አለ። ጽዋዎቹ ሁለት ናቸው፤ ሐበሻው የሚያምታታቸውም ለዚህ ነው። በሜዲካሉ ቀን የሚሰጠው ሽንት የሚታየው ለፕሮቲን፣ ለደም፣ ለስኳርና ለውፍረቱ ነው። አደንዛዥ ዕፅ የሚታይበት ሌላ ነው፤ ቀጣሪው ያዝዘዋል፣ በራሱ ሥርዓት ይሄዳል። የዚህ ሥርዓት መነሻ የ1991 ሕግ ነው። ሕጉ ከመውጣቱ ከአራት ዓመት በፊት፣ ጥር 1987፣ ከባልቲሞር ወጣ ብላ ባለችው ቼስ የተባለች ቦታ አንድ የመንገደኞች ባቡር ከዕቃ ባቡር ሎኮሞቲቮች ጋር ተጋጭቶ 16 ሰዎች ሞተው ነበር፤ የዕቃ ባቡሩ ሠራተኞች ማሪዋና ማጨሳቸው ታወቀ። ዛሬ በዚያ አካባቢ በትራክ የሚያልፉት ሐበሾች ስለ ባቡሩ የሰሙት ነገር ላይኖር ይችላል፤ ጽዋው ግን በእጃቸው ነው።

አሰጣጡ ክብርን የሚነካ ነው፤ ይህንን መካድ አይቻልም። ኪስ ይራገፋል፣ ጃኬት ይወልቃል፣ እጅ ይታጠባል። የሽንት ቤቱ ውኃ ሰማያዊ ቀለም ተጨምሮበታል። በር ዘግቶ የገባው ሰው ቢያንስ 45 ሚሊ ሊትር ይዞ ይወጣል፤ ሽንቱን የሚሰበስበው ሠራተኛ ከተቀበለው በኋላ በ4 ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱ ከ32 እስከ 38 ዲግሪ መሆኑ ይታያል። ሰው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀው ሽንቱ እንቢ የሚለውም አለ፤ እስከ 3 ሰዓት ጊዜና እስከ አንድ ሊትር ከሩብ የሚጠጋ ውኃ ይፈቀድለታል። እዚህ ላይ የሚያጠፋው ሐበሻ ጥፋቱ ዕፅ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። “ልጄን ከትምህርት ቤት ላውጣና ልመለስ” ብሎ ይሄዳል። ምርመራው ሳያልቅ መሄድ እንቢ እንደማለት፣ እንቢ ማለትም ዕፅ እንደተገኘበት ይቆጠራል።

የሚፈለጉት አምስት ቤተሰብ ናቸው፤ ማሪዋና፣ ኮኬይን፣ አምፌታሚን፣ ኦፒዮይድና ፒሲፒ። ኮሎራዶ ውስጥ ማሪዋና በአደባባይ ይሸጣል፣ አውሮራ ያለው ሹፌር ከአፓርታማው ኮሪደር ሽታውን ሳይምግ አይወጣም። የፌዴራሉ መንግሥት ግን ኮሎራዶን አይሰማም። ውጤቱን የሚያጣራው ሐኪም “የጎረቤቴ ጭስ ነው” የሚል መልስ እንዳይቀበል በግልጽ ታዟል። ጫቱስ የሚል ካለ፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንደኛው ሰንጠረዥ ተጽፏል፤ በዚያ ሰንጠረዥ ያለ ነገር የሚጠቀም ሰው ደግሞ ሜዲካሉን ሊያገኝ አይገባውም። ቅጹም ባለፉት ሁለት ዓመታት የተከለከለ ነገር ተጠቅመሃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። አገር ቤት ጫት ጭኖ እየበረረ የሚያልፈውን አይሱዙ ሰው “አልቃይዳ” ይለው የለም? እዚህ ያ ዓይነቱ ሹፌር ከመኪናው በፊት በወረቀቱ ይያዛል።

ከተቀጠረም በኋላ አያርፍም። ኩባንያው በየዓመቱ ከሹፌሮቹ ቁጥር ግማሽ የሚሆን የዕፅ ምርመራ በዕጣ ያካሂዳል፤ መጠኑ ከ2020 በፊት ሩብ ነበር። አንድ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ሁለቴ ሲጠራ “ጠምደውኛል” ይላል። ያልጠመዱትን ለማስረዳት ዕቁብን ማሰብ ይበቃል፤ ዕቁብ ላይ የደረሰው ሰው ስሙ ይወጣል፣ እዚህ ግን የደረሰው ስም ተመልሶ ወደ ጎድጓዳው ይገባል። የወደቀ ደግሞ ከተማ ቀይሮ አያመልጥም። ከጥር 2020 ጀምሮ ስሙ በአንድ ማዕከላዊ መዝገብ ይገባል፣ ማንኛውም ቀጣሪ ያየዋል፤ ከኅዳር 2024 ወዲህ ስቴቱ ሲዲኤሉን ዝቅ ያደርገዋል። መመለሻው መንገድ ምክርና ድጋሚ ምርመራ ነው፤ አለ፣ ግን ረጅም ነው።

ከሰኔ 2025 ማብቂያ ጀምሮ የሜዲካሉን ውጤት መርማሪው በማግስቱ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ በኮምፒውተር ይልካል፤ የተዘጋጁ ስቴቶች በቀጥታ ይቀበሉታል። እንደ ድሮው ወረቀቱን ተሸክሞ መሰለፍ እየቀረ ነው። ማኅተም የሌለበትን ነገር የማያምነው ሐበሻ ግን “ወረቀት አይሰጡኝም?” ብሎ ይቆማል፣ ከሰጡትም ወስዶ በላስቲክ ያሳሽጋል።

በዚህ ሁሉ መካከል ያለፈው ጎልማሳ ግፊቱ 148/92 ሆኖ የተሰጠው አንድ ዓመት ነው። ካፌ ሲመጣ እንዴት ሆነ ሲሉት “ሁለት ዓመት ሰጡኝ፣ ምንም አላገኙብኝም” ይላል። ምስክሩ የሚያበቃበት ቀን በመንጃ ፈቃድ መዝገቡ ላይ ይታያል፤ ኩባንያውም መዝገቡን ማየት ግዴታው ነው። ፋይሉን የሚያገላብጠው ዲስፓቸር ታዲያ ሐበሻ ነው፤ እሑድም ከጎልማሳው ሚስት ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ።